ኢንሹራንስ ያላስፈለገው ኩባንያ

በዓለም ላይ ታላላቅ ኩባንያዎች አሉ ይባላል። አንዳንዱ ፎቅ አለው፣ አንዳንዱ መርከብ አለው። ኪታሌ ከተማ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር ያለው የእኛ የበቆሎ መጋዘንና ወፍጮ ቤት ደግሞ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ የምታስነጥስ ወፍጮ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ቡዋና ካኤምባ ነበሩት። የኩባንያውን ስም ለክብሩ ስል አልጠራም። ሚዛኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው ሁሉ የተመዘነ ነው።

ዳይሬክተራችን ቡዋና ካኤምባ፣ ቡዋና ማለት ጌታዬ ማለት ነው፣ ንግግር የተሰጣቸው ሰው ነበሩ። እጃቸው ላይ ማይክሮፎን ባይኖርም አፋቸው አጠገብ እንዳለ አድርገው ነው የሚናገሩት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስድስቱን ተሸካሚዎችና እኔን በር ላይ ያሰልፉናል። በጸሎት ይከፍታሉ። ቀጥሎ ሱፋቸውን ይቆልፉና፦

"ልጆቼ! ይህ ኩባንያ የማን ነው?"

"የእኛ!"

"አልሰማሁም!"

"የእኛ!"

"ታዲያ ሰው በገዛ ቤቱ የክፍያ ጭማሪ ይጠይቃል?"

እኛም አንጠይቅም። ደመወዝ ስላልነበረን ምኑን እናስጨምራለን? የምንበላው በጆንያ ነው፤ የወጣ የገባ ጆንያ ይቆጠርና ማታ ድርሻችንን እንቀበላለን። ጆንያ ካልመጣ ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎ የለም፣ ጎመኑም ብቻውን አይበላም። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚባለውን ነገር የሚቀበሉት ቡዋና ካኤምባ ብቻ ነበሩ፤ ይህንንም ሸክም ለብቻቸው በመሸከማቸው ስናደንቃቸው ኖረናል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ የኩባንያው አቋም ጽኑ ነበር። አንድ ጊዜ የኢንሹራንስ ወኪል ቦርሳውን ይዞ መጣ። "ቡዋና፣ ሕጉ ለሠራተኛ የጉዳት መድን ግዴታ ነው ይላል" አላቸው።

"ሕጉ የወጣው ለማያምኑ ሰዎች ነው" አሉት ዳይሬክተራችን። "ኢንሹራንስ ማለት መከራን በስሙ ጠርቶ ሻይ መጋበዝ ነው። እዚህ ቤት መከራ አይገባም። አንተም ከዚህ በላይ አትግባ።"

ወኪሉ ሄደ። መከራ ግን ወኪል ስላልሆነ በበሩ አላንኳኳም፤ በሳንቃው በኩል መጣ።

ሳንቃው ከጭነት መኪናው ጀርባ እስከ መጋዘኑ ደጃፍ የሚዘረጋ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ዘጠና ኪሎ ጀርባቸው ላይ ጭነው የሚያልፉት በእሱ ላይ ነው። መሀሉ ተሰንጥቆ ነበር። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ አንጋፋው፣ ለሽምግልናው ሙዜ የምንለው ዋሙኮታ፣ ሄዶ አመለከተ። ቡዋና ካኤምባ ወዲያውኑ እርምጃ ወሰዱ። ቦታው ድረስ መጡ፣ ስንጥቁን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ቀለም ቀቢ አስጠሩ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት "በቀስታ ይረገጥ" ተብሎ ተጻፈ። ዘጠና ኪሎ የተሸከመ ሰው በቀስታ የሚረግጠው እንዴት እንደሆነ መመሪያው አያብራራም፤ መመሪያ ሁሉን አብራርቶ አይዘልቀውም።

በዝናቡ ወራት፣ እርጥብ በቆሎ በመጣ ቀን፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሲሚዩ መመሪያውን አክብሮ በቀስታ ረገጠ። ሳንቃው በፍጥነት ተሰበረ።

ሲሚዩ ከእኛ ሁሉ ጎበዝ ነበር። ተሸክሞ የሚዘፍን ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ያን ቀን ዘፈኑ መሀል ላይ ተቆረጠና በቂጡ ወደቀ፤ ጆንያው ተከትሎት መጥቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ጩኸቱን ሰምተው ዳይሬክተራችን ከቢሮ ሮጠው ወጡ።

"ጆንያው ተቀደደ?"

"አልተቀደደም፣ ቡዋና።"

"ተመስገን!" አሉና ከዚያ ወደ ሲሚዩ ጎንበስ አሉ። "ፖሌ፣ ልጄ።"

ፖሌ እኛ ዘንድ ለወደቀም፣ ላስነጠሰውም፣ ጭቃ ለረገጠም የሚባል ቃል ነው፤ ምንም አያስወጣም። ሲሚዩ ግን ጭቃ አልረገጠም። መነሳት አቅቶት አፈር እየቧጠጠ ነበር። ከተሰበረው ሳንቃ ረዘም ያለውን ግማሽ ቃሬዛ አድርገን ሆስፒታል አደረስነው። በዚህም ሳንቃው ከመጋዘኑ ንብረት ሁሉ ለሠራተኛ ጤና ያገለገለ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ።

ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም። የወገቡ ዲስክ ተንሸራትቶ ነርቭ ተጭኗል፤ ኤልዶሬት ከተማ ሄዶ ኦፕራሲዮን ይደረግ፤ ከዘገየ ቀኝ እግሩ አይመለስለትም። ኦፕራሲዮኑ ደግሞ በፖሌ አይከፈልም። ሲሚዩ ቤቱ ገብቶ ጣሪያ እያየ ተኛ።

ቡዋና ካኤምባ ሊጠይቁት መጡ። አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ረጅም ጸሎት ይዘዋል። ከአሜን በኋላ የሲሚዩ ሚስት ኔኬሳ፣ ገበያ ውስጥ ጎመን የምትቸረችረው፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ቡዋና፣ ስለ ስኳሩ እግዜር ይስጥልኝ። ኢንሹራንሱስ?"

"ኔኬሳ ልጄ! ባልሽ እኮ ቤተሰብ አለው። እኛ አለንለት። ቤተሰብ ያለው ሰው ኢንሹራንስ ምን ያደርግለታል?"

"ደግ። እንግዲያው ቤተሰቡ ኦፕራሲዮኑን ይክፈል።"

"ቤተሰብ ይጸልያል እንጂ ይከፍላል እንዴ?"

"የኔ ቤተሰብ ሲጸልይም ይከፍላል፣ ሲከፍልም ይጸልያል። ስኳሩን ይዘውት ይሂዱ፣ ለጠበቃዎ ሻይ ያስፈልገዋል።"

እውነትም አስፈለገው። በሳምንቱ ክሱ ተከፈተ፦ የጉዳት መድን ያልገባ አሠሪ ለተጎዳ ሠራተኛው ከኪሱ ያሳክም፣ ይካስ የሚል። የዳይሬክተራችን ጠበቃ ማኮካ ቢሯቸው ውስጥ ከተመ። እጅግ የተማረ ሰው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ ሲያስብ ወፍጮዋ እንኳ ዝም የምትል ይመስላል። ለምስክርነት እኔን አስጠራኝ።

"ሲሚዩ መጀመሪያ ሲመጣ ወገቡ እንዴት ነበር?"

"ቀጥ ያለ ነበር።"

"በጣም ቀጥ ያለ?"

"በጣም።"

"ይኸው!" አለ ወደ ቡዋና ካኤምባ ዞሮ። "ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ ወገብ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ከቤቱ ይዞት የመጣው ችግር ነው እንላለን።"

ዳይሬክተራችን ደስ አላቸው፤ ጠበቃው ግን ጥቂት አስቦ ይህን ተወው፤ ዳኛዋም ቀጥ ያለ ወገብ እንዳላቸው ትዝ ብሎት ነው። ከዚያ ጥፋቱን በጭነት መኪናው ላይ ሊያላክክ ሞከረ፤ ቀጥሎ በዝናቡ ላይ። ዝናብ መጥሪያ አይደርሰውም። በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያችን ንግግር ሰማ፦ "ይህ ኩባንያ የማን ነው?" "የእኛ!" መነጽሩን አወለቀ። ወፍጮዋ ዝም አለች።

"ቡዋና ካኤምባ" አለ በሹክሹክታ፣ እኔ ሚዛኑ ላይ ቆሜ እየሰማሁ፣ "ሕጉ መድን ግቡ የሚለው ለሠራተኛ ነው። ባለቤት ራሱን መድን ያስገባ ዘንድ አይገደድም። እነዚህ ሰዎች ባለቤት ከሆኑ ሠራተኛ የለዎትም። ሠራተኛ ከሌለ አሠሪ የለም። አሠሪ ከሌለ ማን ይከሰሳል?"

ቡዋና ካኤምባ ጠበቃውን አቀፉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲናገሩት የኖሩት ነገር ሕግ ሆኖ ሲያገኙት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኔኬሳ የገበያውን ሴቶች ይዛ መጥታለች። ሲሚዩ በፒክአፕ ከነፍራሹ ተጭኖ መጣና አግዳሚ ወንበር ላይ በጎኑ ተጋደመ። ዳኛዋ፣ ክብርት ጄሮፕ፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም፣ ይህም ለብዙ ሰው ጥፋት ሆኗል።

"የኩባንያው የምዝገባ ወረቀት የታለ?" ብለው ጀመሩ።

"በሂደት ላይ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አለ ማኮካ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኩባንያው ከተቋቋመ ጀምሮ" አሉ ቡዋና ካኤምባ በኩራት። "የእኛ ወረቀት መተማመን ነው።"

"ስለዚህ የባለቤትነቱን ነገር በእርስዎ ቃል ብቻ ነው የምናውቀው። ይማሉ።"

ማሉ። ከማሉ በኋላ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ቡዋና ካኤምባ የሚያዳምጥ ሰው ካዩ ማቆሚያ የላቸውም፣ ያን ቀን ደግሞ በመስኮት የሚያዳምጥ ሳይቀር ነበር።

"ክብርት ዳኛ፣ እኔ ዘንድ ሠራተኛ የሚባል ቃል አይነገርም! እነዚህ ሰዎች ባለቤቶች ናቸው። ሰኞ ሰኞ በራሳቸው አንደበት ይመሰክራሉ!"

"ሲሚዩ፣ እንዲያ ብለሃል?"

"ብያለሁ፣ ክብርት ዳኛ" አለ ሲሚዩ ከፍራሹ ላይ። "ካላልኩ ጆንያ አላገኝም።"

"የባለቤቶቹ ድርሻ እንዴት ነው?" ብለው ዳኛዋ ወደ ዳይሬክተራችን ተመለሱ። "ለአንዱ ብዙ፣ ለአንዱ ጥቂት ነው?"

ማኮካ የደንበኛውን የሱፍ ጫፍ ሳብ አደረገ። ቡዋና ካኤምባ እጁን መቱት።

"እኩል! እኔ ሰው አላበላልጥም! ጌታ ምስክሬ ነው፣ እኩል ነው!"

ከመስኮቱ በኩል ጭብጨባ ተሰማ።

"ጥሩ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁንልኝ" አሉ ዳኛዋ። "እርስዎ ዘንድ ባለቤትና ሠራተኛ የሚለየው በምንድን ነው? ነገ ሌላ ሰው ቢከስዎት ፍርድ ቤቱ እንዳይቸገር ነው።"

"ቀላል ነው፣ ክብርት ዳኛ! ሠራተኛ ማለት ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚበላ ነው። ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ ጆንያ መጣ አልመጣ፣ እጁን ዘርግቶ የሚቀበል! ባለቤት ግን ከሥራው ፍሬ ነው የሚካፈለው። ጆንያ ሲመጣ ያገኛል፣ ካልመጣ ይከስራል። እነዚህ ወንድሞቼ አንድም ቀን ደመወዝ በልተው አያውቁም!"

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን!"

"በኩባንያው ውስጥ የወር ደመወዝ የሚቀበል ሰው ከቶ የለም?"

ቡዋና ካኤምባ አፋቸውን ከፈቱ። ማኮካ መነጽሩን አወለቀ፤ አሁን ግን ለማሰብ አልነበረም፣ ዓይኑን ለመሸፈን ነው።

"እ... አንድ ሰው አለ" አሉ።

"ማን ነው?"

መልሱ ስላልተሰማ ዳኛዋ እንዲደግሙት ጠየቋቸው።

"እኔ።"

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ውሳኔውን በዚያች ቀጭን ድምፅ አነበቡት። "ሲሚዩ እንደ ሠራተኛ ሆኖ ያቀረበው ክስ ተቀባይነት የለውም። ውድቅ ሆኗል።"

ቡዋና ካኤምባ "ሃሌ ሉያ!" ብለው ዘለሉ። ኔኬሳ ጭንቅላቷን ያዘች፤ የገበያው ሴቶችም አብረዋት ያዙ። ሲሚዩ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ያቺን የማትመለስ ቀኝ እግር አየኋትና ዳኛዋን በሆዴ ረገምኩ።

"አልጨረስኩም" አሉ ክብርት ጄሮፕ። "ውድቅ የሆነው ሠራተኛ ስላልሆነ ነው። ተከሳሽ በመሐላ ባረጋገጡትና ማንም ባልተቃወመው ቃል መሠረት፣ ስድስቱ ተሸካሚዎችና ሚዛን ያዡ የኩባንያው እኩል ባለቤቶች ናቸው። ባለቤት በሥራው ላይ ቢጎዳ ከንብረቱ ይታከም እንደሆነ ባለቤቶቹ ተሰብስበው ይወስኑ። ተከሳሽ ራሳቸው በሰጡት ትርጉም መሠረት ደግሞ የኩባንያው ብቸኛ ሠራተኛ ናቸው። እኚህ ሠራተኛ የጉዳት መድን እንደሌላቸው ፍርድ ቤቱ በታላቅ ድንጋጤ ተረድቷል። ባለቤቶቹ በሕጉ መሠረት ባስቸኳይ እንዲያስገቡላቸው ታዟል።"

ማኮካ ይግባኝ ለማለት ብድግ አለ። ይግባኙ በራሱ ደንበኛ መሐላ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ።

አንባቢ እንዲረዳልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እስካሁን "እሳቸው" ስል የቆየሁት ስለ ዳይሬክተር ስለምናገር ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ስለ አንድ ሠራተኛችን ነው የምናገረው፤ ስለዚህ ካኤምባ እለዋለሁ። ክፋት የለበትም፣ ሥርዓት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሲሚዩን ከነፍራሹ አምጥተን በር ላይ ተሰበሰብን። ሙዜ ዋሙኮታ በጸሎት ከፈተ፤ አጭር ነበር። የመጀመሪያው አጀንዳ የሲሚዩ ወገብ ነው። ሰባት እጅ ወጣ፤ ሰባተኛው የራሱ የሲሚዩ ነበር፣ ከፍራሹ ላይ። በማግስቱ ኤልዶሬት ሄደ። ኩባንያችን እንዲያ ያለ ፈጣን ስብሰባ አይቶ አያውቅም፤ በፊት የሻይ ሰዓት ለማጽደቅ እንኳ ንግግር ይቀድም ነበር።

በሳምንቱ በቆሎ የጫነ መኪና መጣ። ኔኬሳ በባሏ ፋንታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ኦፕራሲዮኑ እንደተሳካ፣ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት እንደተንቀሳቀሰ ነግራን ሁላችንም ደስ ብሎናል። ባለቤቶች ነንና ሻይ ይዘናል፣ ማንዳዚ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ይዘናል። መኪናው ክላክስ አደረገ። እርስ በርሳችን ተያየን።

"ካኤምባ!" አለ ሙዜ ዋሙኮታ። "መኪና መጥቷል እኮ።"

ካኤምባ ከቢሮው ወጣ። ሱፉን እንደለበሰ ነው። "አይቻለሁ፣ ሙዜ። ማን ያውርደው?"

"ሠራተኛችን ስንት ነው?"

"አንድ።"

"እንግዲህ አትጨነቅ፣ ለመምረጥ አንቸገርም።"

ካኤምባ ሱፉን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ወደ መኪናው ሄደ። በተሰበረው ሳንቃ ፋንታ ከግማሹ ጋር ሌላ ቁራጭ አጋጥመን በሽቦ አስረነው ነበር፤ አዲስ ለመግዛት አጀንዳ ይዘናል፣ ጊዜ አጥተን ነው። ካኤምባ ሳንቃውን አየ። ጆንያውን አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አየ። ተመልሶ መጣ።

"ሙዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የኔ ኢንሹራንስ ተገብቷል?"

በእርግጥ ፍርድ ቤት አዝዟል፤ ግን ከድርሻችን ተቆርጦ ለሰው ወገብ መክፈል፣ ያውም ገና ላልተጎዳ ወገብ፣ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ባለቤት ሲሆኑ ነገሩ በሌላ መልኩ ነው የሚታየው። ሙዜ ዋሙኮታ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሸሚዙን ቆለፈ።

"ካኤምባ ልጄ" አለ፣ አፉ አጠገብ ማይክሮፎን እንዳለ አድርጎ። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን..."

ከመሀላችን ሁለት ሰው አንገቱን ነቀነቀ። አንዱ "አሜን" አለ።

ኔኬሳ የሻይ ኩባያዋን ጠረጴዛው ላይ አስጮኸችው።

"ምን አልክ፣ ሙዜ? ድገመው እስቲ! ወር አልሞላህም፣ ቤተሰብ ማለት ጀመርክ? ባሌ ኤልዶሬት በሆዱ ተኝቶ እናንተ እዚህ ማንዳዚ እየበላችሁ ሌላ ሰው ልታስተኙ ነው? ሳንቃውንስ በሽቦ ያሰረው ማን ነው?"

ሽቦውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሻዬን አየሁ።

"ወኪሉን ጥሩት" አለች። "አሁን። ሳንቃም ይገዛ። እስከዚያ መኪናው ይቁም።"

መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ሰደበን፣ ባለቤቶች ስለሆንን ስድቡ እኩል ደረሰን። ወኪሉ በሞተር ሳይክል እየተንጠላጠለ መጣ፤ ቦርሳው ያው የድሮው ነው። ባለፈው የተባረረበትን ደጃፍ ሲያይ ከበሩ ላይ ቆም አለ።

ካኤምባ እስኪገባ አልጠበቀውም። ሮጦ ሄዶ ክንዱን ይዞ አስገባው፣ የራሱን ወንበር ሰጠው፣ ውሉን ከእጁ ነጠቀና ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። አንዱን ገጽ ገለጠ። ሁለተኛውንም ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ፦

"ለወገብ ይከፍላል?"